ጐልማሳ የሚማርበት መንገድ
ስለ ፊደል፣ ስለ ንባብና ስለ ሒሳብ ትምህርት ለመንደር መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

ማንበብ የማያውቅ ጐልማሳ ዓይን ሳለው የሰውን ዓይን ይዋሳል። የልጁ ደብዳቤ በመጣለት ጊዜ የቤቱን ምሥጢር ለጎረቤት አንባቢ ይገልጣል፤ የብድር ውል ሲጻፍ የተነበበለትን አምኖ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ ሐኪም መድኃኒት ሲሰጠው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስደው ከሌላ ሰው አፍ ይጠብቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ነገር ግን ማንበብ ለማይችል ሰው መጠርጠር ብቻውን አይጠቅመውም፤ ቢጠረጥርም መርምሮ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ የለውምና።

ስለዚህ በመንደር የማታ ትምህርት ሲከፈት ብዙ ጐልማሶች በደስታ ይመጣሉ። ወራት ባለፉ ቍጥር ግን የተማሪው ብዛት እየሳሳ ይሄዳል። የቀሩት ሰዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ «ልቤ ደንዝዟል፤ ዕድሜዬ አልፏል» ይላሉ። መምህሩም ይህን ቃል እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕድሜ ሳይሆን የአማማር ስልት ጥፋት ሆኖ ይገኛል። መምህር የሚለውን እየተከተለ የሚል ተማሪ ያወቀ ይመስለዋል፤ ፈጥኖም ይረሳል። ከልቡ አውጥቶ እንዲናገር የሚጠየቅ፣ ከሚያውቀውም ነገር ተነሥቶ ወደማያውቀው የሚሄድ ተማሪ ግን በዝግታ ይማራል፤ የተማረውም ይጸናለታል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው።

፩፤ ዕድሜ ደጁን አይዘጋም

ሕፃን ቶሎ ይቀበላል መባሉ ሐሰት አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ጐልማሳ አይቀበልም ማለት ግን ስሕተት ነው። ስታኒስላስ ዴሃኔ የተባሉት የፈረንሳይ አገር ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ይህን ያስረዳል። ከዚህም በታች የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራ ሲነሣ ዘመኑ የሚጠቀሰው በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። እነዚህ ሊቃውንት ከብራዚልና ከፖርቱጋል 63 ሰዎችን መርጠው የተጻፈ ነገር ሲያዩ አንጐላቸው እንዴት እንደሚሠራ በመሣሪያ መረመሩ። ከሰዎቹ 31ዱ በልጅነታቸው የተማሩ፣ 22ቱ ከጐለመሱ በኋላ የተማሩ፣ 10ሩ ማንበብ ከቶ ያልተማሩ ነበሩ። ንባብ የሚያውቀው የአንጐል ክፍል ከጐለመሱ በኋላ በተማሩትም ሰዎች ዘንድ ለፊደል ሲነቃ ተገኘ፤ ንቃቱም የሚጨምረው በንባብ ችሎታቸው መጠን ነበር።

እንግዲህ ደጁ አልተዘጋም። ጐልማሳ ከሕፃን የሚለይበት ነገር ሌላ ነው። ሕፃን ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤት ይውላል፤ ጐልማሳ ግን ከሞፈርና ከቀንበር፣ ከምድጃና ከገበያ አትርፎ የሚያመጣው ጊዜ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሕፃን ቢሳሳት ብዙ አያፍርም፤ ጐልማሳ ያፍራል። ሕፃን ጥቂት ነገር ብቻ ዐውቆ ይመጣል፤ ጐልማሳ ግን ብዙ ቃል፣ ብዙ ስሌትና ብዙ ማስተዋል ይዞ ይመጣል። መልካም ስልት የሚባለው እነዚህን ሦስቱን፣ ማለት ጊዜውን፣ ኀፍረቱንና ዕውቀቱን የሚያስብ ስልት ነው።

፪፤ ማዜም ማወቅ አይደለም

በብዙ ስፍራ ትምህርቱ የሚጀመረው እንዲህ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ፊደልን በተራ ጽፎ በዘንግ እያመለከተ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ይላል፤ ተማሪዎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከተሉታል። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ከሀ ጀምረው እስከ ፐ ሳያቋርጡ ይዘልቃሉ። መምህሩም ፊደል አወቁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በመካከል ያለችውን «ሜ» ለብቻዋ ቢያሳያቸው፣ ብዙዎቹ ከመ ጀምረው መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያሉ በተራ እስኪደርሱባት ድረስ ስሟን አይነግሩትም። ያወቁት ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። አፍ ሲሄድ ዓይን ተኝቷል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነበራቸው። ተማሪው ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ይቈጥራል። በአቡጊዳ ላይ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ እያንዳንዱ ፊደል ስፍራውንና እርባታውን ለውጦ ይመጣልና የሀሁ ዜማ ተማሪውን አይረዳውም፤ ግድ ዓይኑን በፊደሉ ላይ ማሳረፍ አለበት። ከዚያም በኋላ ፊደለ ሐዋርያን ይዞ አንድ አንዱን ፊደል እየጠቈመ ያነባል። ይህ ሥርዓት ተራን በማፍረስ ዕውቀትን የሚፈትን ጥበበኛ ሥርዓት ነው።

ለጐልማሳ ይህ ተራ የማፍረስ ሥራ እስከ መጨረሻ መቈየት የለበትም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር ይገባዋል። መምህሩ የተማሩትን ፊደሎች በትንንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ አንዱን ያሳይ። ተማሪው ሳይዘገይ የተናገረው ፊደል ታወቀ ይባላል፤ ከተራው ተነሥቶ የደረሰበት ግን ገና ነው። ደግሞ መልካቸው የሚቀራረቡ ፊደሎች፣ እንደ በና ሰ፣ እንደ ጸና ጰ ያሉት፣ በአንድ ምሽት አብረው ባይገቡ ይሻላል፤ አንዱ ከጸና በኋላ ሁለተኛው ይምጣ፤ ከዚያም ሁለቱ ጎን ለጎን ቀርበው ልዩነታቸው ይታይ። በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ ናቸው፤ ጐልማሳው በአንዱ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ሌሎቹን በቀላሉ ይቀበላቸዋል።

፫፤ ከሚያውቀው ቃል መነሣት

በገበታ ላይ 33 ፊደል በሰባት እርባታ 231 ሆኖ፣ ዲቃሎቹም ተጨምረው በአንድ ጊዜ ሲቀርቡለት ጐልማሳው እንደ ትልቅ ዳገት ያያቸዋል። ይህን ሁሉ ወጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ንባብ የምታየው ቢባል ትዕግሥቱ ያልቃል። ስለዚህ ጥቂት ፊደል ተምሮ ወዲያው ቃል ማንበብ አለበት፤ ቃሉም ከኑሮው የተገኘ መሆን አለበት።

ለምሳሌ «በሬ» የሚለውን ቃል መውሰድ ነው። ገበሬ ሁሉ በሬን ያውቃል፤ ስለ በሬም ብዙ የሚናገረው አለው። መምህሩ ቃሉን በትልቁ ጽፎ ያነባል፤ ከዚያም በ እና ሬ ብሎ ይከፍለዋል፤ የሁለቱንም ቤተሰብ፣ ማለት በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ እና ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር፣ ሮን በሁለት መስመር ይጽፋል። ከዚህ በኋላ መምህሩ ዝም ይበል፤ ተማሪዎቹም ከእነዚህ 14 ፊደሎች ቃል ይፈልጉ። በር፣ ብር፣ ሩብ፣ ራብ፣ በራ፣ ቦራ፣ ብርብራ፣ ቡራቡሬ የሚሉ ቃላት ሁሉ በዚያ ውስጥ ተደብቀዋል። አንዲት ሴት ካርቶኖቹን አገጣጥማ «ብር» የሚለውን ቃል በራሷ እጅ ባወጣች ጊዜ ፊደል ለምን እንደ ተሠራ ያን ጊዜ ይገባታል። የተሰጣትን ከመቀበል ይልቅ ያገኘችውን አትረሳም።

ፓውሎ ፍሬሬ የተባሉት የብራዚል መምህር ይህን የመሰለ ስልት ነበራቸው። በ1963 ዓ.ም. አንጂኮስ በምትባል በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኝ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ለማስተማር የ40 ሰዓት ትምህርት አዘጋጅተው ነበር። የእርሳቸው ስልት በአገሩ ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ የሚነጋገሩበትን ቃል ሰምቶ፣ ከዚያ መካከል ቃላትን መርጦ፣ ስለ ነገሩ አስቀድሞ ማነጋገርና ቃሉን በድምፅ እየከፋፈሉ ሌላ ቃል ማሠራት ነው። «ቲጆሎ» ማለት በፖርቱጋል ቋንቋ ጡብ ማለት ነው፤ ከቲ፣ ከጆ እና ከሎ ቤተሰብ ብዙ ቃል ይወጣል። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች እነዚህን የድምፅ ቤተሰቦች አስቀድሞ መሠብሰብ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ፊደል ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በቤተሰብ ተሰልፎ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ለዚህ ስልት ይልቁን የተመቸ ነው።

፬፤ ከመድገም ይልቅ ማስታወስ

ተማሪ የተጻፈውን ፊቱ አድርጎ ደጋግሞ ባነበበ ቍጥር ነገሩ እየቀለለ ይሄዳል፤ ስለ ቀለለውም ያወቀ ይመስለዋል። ይህ መምሰል ብዙ ሰው ያታልላል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ2006 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። አንዳንዶቹ ጽሑፉን ሁለተኛ ጊዜ አነበቡት፤ ሌሎቹ ግን ጽሑፉ ከፊታቸው ተነሥቶ የሚያስታውሱትን ጻፉ። አምስት ደቂቃ ቈይተው ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ እነርሱ ከመቶ 81፣ ሌሎቹ ከመቶ 75 አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ከመቶ 42 ሲያስታውሱ፣ ከልባቸው ለማውጣት የደከሙት ከመቶ 56 አስታወሱ። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሆኑም ትምህርቱ ለመንደር መምህርም ይሆናል፤ በዚያው ምሽት የሚታየው ቅልጥፍና መምህሩን ሊያታልለው ይችላልና፤ መመዘን ያለበት ከሳምንት በኋላ የሚቀረው ነው።

በሥራ ሲተረጐም ነገሩ ቀላል ነው። ተማሪው ቃሉን ይመልከት፤ ይሸፍነው፤ ሳያይ ይጻፈው፤ ከዚያም ገልጦ ያስተያየው። የተሳሳተውን ራሱ አግኝቶ ያርመው። መምህሩም ትምህርት ሲጀምር አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት ሰሌዳውን ባዶ አድርጎ የትናንቱን ይጠይቅ።

ነገር ግን መጠየቅ ከማዋረድ ሊለይ ይገባዋል። ወጣት መምህር አንድን አዛውንት በልጆቻቸውና በምራቶቻቸው ፊት አቁሞ «ይህን አንብብ» ቢል፣ ሰውዬው ያን ምሽት ባያነቡ በማግሥቱ አይመጡም። ታላቅን ሰው አንቱ ማለት፣ እንደ አገሩ ልማድ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ ብሎ መጥራት የትምህርቱ ሥርዓት ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ ተቀምጦ፣ በካርቶን ቢጠያየቁ ስሕተት በሁለት ሰው መካከል ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ይጠየቃሉ፤ መምህሩ ብቻ ቢጠይቅ ግን ለአንዱ አንድ ጊዜ እንኳ ላይደርሰው ይችላል።

፭፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቀን በቀን

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ቃል በትምህርት ነገር ላይ በፈተና የተረጋገጠ ሆኗል። ሄርማን ኤቢንግሐውስ የተባሉ የጀርመን ሊቅ በ1885 ዓ.ም. ስለ ማስታወስ ባሳተሙት መጽሐፍ በራሳቸው ላይ ያደረጉትን ፈተና ጽፈዋል። ትርጓሜ የሌላቸውን አጫጭር ድምፆች በቃላቸው እያጠኑ ምን ያህል እንደሚረሱ መዘኑ። ከተጠናው ድካም ከግማሽ የሚበልጠው በመጀመሪያዪቱ ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ደግሞም 12 ድምፅ ያለበትን ተርታ በአንድ ጊዜ 68 ጊዜ ደጋግሞ ማጥናትና በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ማጥናት ተመሳሳይ ጥቅም ሲሰጡ አገኙ። ድካሙን በቀኖች መክፈል ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ድካም አተረፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማስተማር ይልቅ ስድስት ምሽት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማስተማር ይሻላል፤ ጊዜው እኩል ነው፤ ፍሬው ግን እኩል አይደለም። ሰኞ የገባ ፊደል ማክሰኞ ይጠየቅ፤ ዓርብ ይጠየቅ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠየቅ፤ ከወር በኋላም አይረሳ። በየጊዜው የሚጠየቅበት ርቀት እየረዘመ ይሂድ። ተማሪው ሊረሳ ሲል የሚጠየቀው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያጸናል።

የእርሻ ዘመንም መታሰብ አለበት። በእርሻና በአጨዳ ወራት ትምህርቱ ሲቋረጥ ብዙ ሰው የለፋበትን ሁሉ ያጣል። በዚያ ጊዜ መምህሩ ዐሥር ቃል የተጻፈበት ወረቀት ለእያንዳንዱ ቢሰጥ፣ ተማሪውም በእረፍት ሰዓት በዛፍ ጥላ ሥር ለአምስት ደቂቃ ቢያየውና ሸፍኖ በመሬት ላይ በእንጨት ቢጽፈው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ አይባልም።

፮፤ ንባብ እስኪፈጥን ድረስ

ፊደል የለየ ሁሉ አንባቢ ነው ማለት አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር 12 ቃል ቢኖረውና ተማሪው ለእያንዳንዱ ቃል አምስት ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ዐረፍተ ነገሩን ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ወደ መጨረሻው ቃል ሲደርስ የመጀመሪያው ከልቡ ወጥቷል። ስለዚህ ሁሉን አንብቦ ምንም አልገባኝም ይላል። ይህ የማስተዋል ጕድለት አይደለም፤ የፍጥነት ጕድለት ነው።

በቀድሞው ትምህርት ቤት ተማሪው ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብም ወደ ቁም ንባብ የሚተላለፈው ዓይኑና አፉ እስኪፈጥኑ ድረስ ያንኑ መጽሐፍ እየደጋገመ ነበር። ለጐልማሳውም ትርጓሜው የሚገባው አጭር ጽሑፍ፣ አምስት ወይም ስድስት መስመር ያህል፣ በልዩ ልዩ ቀን ደጋግሞ እንዲያነብ ይሰጠው። መጀመሪያ መምህሩ ያንብብለት፤ ሁለተኛ አብረው ያንብቡ፤ ሦስተኛ ብቻውን ያንብብ። በመጨረሻም መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ ቃል ይናገር። የሚናገረው ነገር ከሌለው አላነበበም። ጽሑፉንም በቃሉ ይዞት እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በዚያ ውስጥ ያሉት ቃላት ተቀላቅለው የተጻፉበት ሌላ ጽሑፍ ይቅረብለት።

፯፤ በልብ ያለ ሒሳብና በወረቀት ያለ ሒሳብ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ የሒሳብ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ጐልማሳው ይዞት የመጣውን ሒሳብ አያይም። አንዲት እንቁላል ሻጭ የአንዱ ዋጋ 12 ብር ቢሆን የሰባቱን ዋጋ ብትጠየቅ፣ «ሁለቱ 24፤ አራቱ 48፤ ስድስቱ 72፤ አንዱ ሲጨመር 84» ብላ ወዲያው ትመልሳለች። ይህችው ሴት ማታ በትምህርት ቤት 12 በ7 ሲበዛ ስንት ነው ተብላ በወረቀት ብትጠየቅ፣ «4 ጻፍ፣ 1 ያዝ» የሚለው ነገር ግራ ያጋባታል፤ ያገኘችውም ቍጥር 714 ቢሆን አትደነቅም። በገበያ እንዲህ ያለ ዋጋ ብትሰማ ግን ስቃ ትሄድ ነበር።

ይህ የሚሆነው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ሊቃውንት በ1985 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሬሲፌ በተባለችው የብራዚል ከተማ በገበያ የሚሸጡ አምስት ልጆችን መረመሩ። እንደ ገዢ ሆነው ሲጠይቋቸው ልጆቹ ከመቶ 98 በትክክል መለሱ፤ እነዚያኑ ስሌቶች ያለ ነገር በቍጥር ብቻ በወረቀት ሲሰጧቸው ግን ከመቶ 37 ብቻ አገኙ። ጂን ሌቭ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅም በጐልማሶች ላይ ይህን የመሰለ ልዩነት አግኝተዋል። እንግዲህ ስሌቱ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ስሌቱ በወረቀት ላይ የሚለብሰው ልብስ ነው።

ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ «እንዴት አድርገው አገኙት?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም እንደ ተነገረው በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከዚያም 12 ማለት 10 እና 2 መሆኑን አሳይቶ፣ 10 ሰባት ጊዜ 70፣ 2 ሰባት ጊዜ 14፣ በአንድነት 84 ብሎ ያገናኝ። ሻጪቱም የወረቀቱ ሒሳብ የእርሷው ሒሳብ ዘመድ መሆኑን ታያለች። ማናቸውም ስሌት ከመጀመሩ በፊትም መልሱ ወደ ስንት እንደሚጠጋ ተማሪው ይገምት፤ 714 የሚለውን ስሕተት የሚይዘው ይህ ግምት ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ጐልማሳ መቶ አምስት ጻፍ ሲባል 1005 ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ይህን እንደ ድንቍርና ማየት የለበትም። መቶ ከዚያም አምስት ብሎ እንደ ሰማው መጻፉ ነው፤ በግእዝ ቍጥርም ፻፭ ተብሎ እንዲሁ ይጻፋል። የግእዝ ቍጥር ዜሮ የለውምና ስፍራ መጠበቅ አያስፈልገውም። በ105 ግን የቍጥሩ ዋጋ የሚታወቀው በስፍራው ነው። ይህን ለማስተማር በመሬት ላይ ሦስት ቤት ይሣል፤ የመቶ ቤት፣ የዐሥር ቤት፣ የአንድ ቤት። በመቶው ቤት አንድ ባለ 100 ብር፣ በአንዱ ቤት አምስት ባለ 1 ብር ይቀመጥ። የዐሥሩ ቤት ባዶ ነው፤ ዜሮ ማለት ያን ባዶ ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ቢጠፋ 105 ወደ 15 ይለወጣል። ገንዘቡን በእጁ አንሥቶ ያስቀመጠ ሰው ይህን አይረሳም።

በልብ ማስላት ከተቻለ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፤ በልብ የተሰላ ነገር ለምስክር አይቀርብም። አንድ ሰው 2,400 ብር ተበድሮ በየወሩ 300 ብር እየከፈለ በስምንት ወር ለመጨረስ ቢዋዋል፣ የከፈለውንም በየወሩ በደብተሩ ቢጽፍ፣ አበዳሪው ዘጠነኛ ክፍያ በጠየቀው ጊዜ ደብተሩን ገልጦ፣ ቍጥሩን ቈጥሮ፣ «ይህ 300 ብር የምን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ መቻል ከብዙ ክርክር ያድናል።

፰፤ ተማሪው የራሱ መምህር እንዲሆን

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቶ፣ ብዙ ሕዝብ ፊደል ለየ። ከእነዚያም ሰዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ለልጅ ልጆቻቸው የሚያነቡ አሉ፤ የምስክር ወረቀታቸው በሣጥን እያለ ንባቡ የጠፋባቸውም አሉ። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ንባቡ ከትምህርት ቤት በኋላ ሥራ ማግኘቱ ወይም አለማግኘቱ ነው። ያልታረሰ መሬት ዳዋ እንደሚለብስ፣ ያልተሠራበት ንባብም ይዳፈናል።

ስለዚህ ትምህርቱ ሲጀመር እያንዳንዱ ጐልማሳ ምን ለማንበብ እንደሚፈልግ ይጠየቅ። አንዱ የሃይማኖቱን መጽሐፍ፣ አንዱ የማዳበሪያ ውል፣ አንዲቱ ከሩቅ አገር የሚመጣውን የልጇን ደብዳቤ፣ ሌላዪቱ በእጅ ስልኳ የተላከላትን ገንዘብ ልክ ትል ይሆናል። ይህ ምኞት በመዝገብ ይጻፍ፤ በየወሩም «ወደዚያ ምን ያህል ቀረቡ?» ተብሎ ይታይ። ተማሪውም ያወቃቸውን ካርቶኖች በአንድ ከረጢት፣ ያላወቃቸውን በሌላ ከረጢት ቢያኖር፣ መድከም የሚገባው በየትኛው ላይ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የቀኝ ከረጢቱ ሲከብድ የግራው ሲቀል ማየት ከመምህር ምስጋና ይልቅ ያበረታል።

የአገር ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። የዕድር መዝገብ በስብሰባ ላይ አዲስ ፊደል የለየ ሰው ቢያነበው፣ የመዋጮው ድምር በአደባባይ በሰሌዳ ላይ ቢደመር፣ ውል ሲፈረም ጣት ከመታተሙ በፊት ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው ጊዜ ቢሰጠው፣ ንባብ ሥራ ያገኛል። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ ነውና፣ ሰውዬው ስሙን ጽፎ እስኪጨርስ መታገሥ ለመንደሩ ኪሳራ አይደለም።

መምህራንና ሽማግሌዎች የሚነጋገሩባቸው ጥያቄዎች

፩ኛ፤ በመንደሩ የማታ ትምህርት ጀምረው የተዉት ሰዎች እነማን ናቸው? የተዉትስ ከጊዜ ማጣት፣ ከኀፍረት፣ ወይስ የሚማሩት ነገር ከኑሯቸው ስለ ራቀ ነው?

፪ኛ፤ ተማሪዎቹ ፊደልን ተራው ፈርሶ ሲጠየቁ ስንቱን ያውቃሉ? ባለፈው ወር የተማሩትንስ ዛሬ ሰሌዳው ባዶ ሳለ ስንቱን ይጽፋሉ?

፫ኛ፤ እንደ «በሬ» ሁሉ፣ ከአገሩ ኑሮ ተመርጠው ብዙ ቃል የሚወልዱ ዐሥር ቃላት የትኞቹ ናቸው?

፬ኛ፤ በገበያው ቀን ሴቶችና ወንዶች በልባቸው የሚያሰሉበት መንገድ እንዴት ነው? መምህሩስ ቁጭ ብሎ ሰምቶት ያውቃልን?

፭ኛ፤ በመንደሩ ውስጥ አዲስ አንባቢ በየሳምንቱ የሚያነበው፣ ካላነበበም የሚጐድልበት ጽሑፍ ምን አለ? ከሌለስ ማን ያዘጋጀው?